ዕርከኑ የማን ሥራ ነው? በወረዳ ደረጃ አፈርና ውኃ ስለሚጠብቁ ሰዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በወሎም ሆነ በጎጃም ደጋ በመኪና የተጓዘ ሰው በየተራራው ወገብ ላይ የተሰመሩትን ዕርከኖች ሳያይ አይቀርም። በአንድ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት በአፈርና ውኃ ጥበቃ ባለሙያነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተሠራና ስንት ሄክታር እንደተሸፈነ ነው። ሠሪዎቹ እነማን እንደሆኑ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ድንጋዩን ከሸለቆ አንስቶ ዳገት ያወጣው፣ መስመሩን የቀየሰው፣ ከብት እንዳይገባ ቁር እየመታው የሚጠብቀው ሰው ስም በሪፖርት ላይ አይወጣም። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ከተማሪዎች፣ ከጋዜጠኞች፣ ከአዳዲስ ባልደረቦቼና ከራሳቸው ከገበሬዎቹ በየጊዜው የቀረቡልኝ ናቸው።

በአንድ ወረዳ ይህን ሥራ የሚመራው ማን ነው?

በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ውስጥ የተፈጥሮ ሀብት ልማትና ጥበቃን የያዘ ክፍል አለ። ስሙ ይቀያየራል፤ አንድ ጊዜ ቡድን፣ ሌላ ጊዜ የሥራ ሂደት ይባላል፤ ሥራው ግን ያው ነው። የአፈርና ውኃ ጥበቃ፣ የደንና የመስኖ ባለሙያዎች እዚያ ይገኛሉ። ከእነርሱ ቀጥሎ ጥቂት ቀበሌዎችን የሚከታተል ሱፐርቫይዘር፣ ከዚያም በየቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኞች አሉ። ደመወዝ የሚከፈለው ወገን ይህ ነው።

ሌላው ወገን ደመወዝ የለውም። የልማት ቡድን መሪዎች፣ የተፋሰስ (የዝናቡ ውኃ ወደ አንድ መውረጃ የሚፈስበት አካባቢ) ኮሚቴ አባላት፣ ቀያሽ አርሶ አደሮች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ ቄሱና ሼኩ እዚህ ውስጥ ናቸው። የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር በ1997 ዓ.ም. ያወጣው የማኅበረሰብ አቀፍ አሳታፊ ተፋሰስ ልማት መመሪያ ሁለቱን ወገኖች አገናኝቷቸዋል፤ በወረዳ፣ በቀበሌና በማኅበረሰብ ደረጃ የተፋሰስ ቡድን እንዲቋቋም ያዛል። ለአንድ የማኅበረሰብ ተፋሰስ ያስቀመጠው ስፋት ከ200 እስከ 500 ሄክታር ነው። በእኔ ልምድ ይህ ልክ ትክክለኛ ነው። ሰዎቹ በስም ይተዋወቃሉ፤ ላይኛው ገበሬ የለቀቀው ጎርፍ የታችኛውን ማሳ ሲበላ ከማን ማሳ እንደመጣ ይታወቃል። ከዚያ ከሰፋ ጥፋቱ የሁሉም ይሆንና ባለቤት ያጣል።

አንድ ችግር ግን ሁልጊዜ አለ። ጎርፍ የቀበሌ ወሰን አያውቅም። የተፋሰሱ ራስ በአንዱ ቀበሌ፣ እግሩ በሌላው ሲሆን የሁለት ቀበሌ ሊቀ መናብርትን አስማምቶ አንድ ቀን ላይ ሥራ ማስጀመር ከድንጋይ መሸከም ይከብዳል።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ ይውላል?

በአብዛኛው እንደ አላጌ፣ አጋርፋ፣ ወረታ ወይም ኮምቦልቻ ካለ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የተመረቀ ወጣት ነው። አሠራሩ በአንድ ቀበሌ ሦስት እንዲመደቡ ነው፤ አንዱ በሰብል፣ አንዱ በእንስሳት፣ አንዱ በተፈጥሮ ሀብት። አፈርና ውኃ ጥበቃ የሦስተኛው ድርሻ ነው።

በጥር ወር አንድ ቀኑን ልንገርዎ። ጠዋት ሕዝቡ ሳይሰበሰብ ተፋሰሱ ላይ ይደርሳል። የልማት ቡድኖችን በየስማቸው እየጠራ ሰው መቁጠር፣ ለእያንዳንዱ ቡድን የሥራ ድርሻውን በሜትር ለክቶ ማስረከብ፣ የጎደለ አካፋና ዶማ ከየት እንደሚመጣ መላ መፈለግ የእርሱ ነው። ረፋዱ ላይ መስመሩን እየተከተለ ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ የተሠራውን ይለካል። የቦዩ ጥልቀት ካልሞላ ማስደገም አለበት፤ ከዚህ ሥራ ሁሉ ከባዱ ይህ ይመስለኛል። የ23 ዓመት ልጅ ከአባቱ የሚበልጡትን ሰው «ጋሼ፣ ይህችኛዋ አምስት ሳንቲ ሜትር ትቀራታለች» ሲል ድፍረትም ትሕትናም ይጠይቃል። ያፈረና ዝም ብሎ ያለፈ ልጅ ክረምት ላይ ይጋለጣል፤ ዕርከን ሲሰበር የሚሰበረው ባልሞላችው ቦታ ነውና። ማታ የመንደሩን ኪራይ ቤት በፋኖስ ወይም በሶላር መብራት ይገባና ሪፖርት ይጽፋል።

ይህም ሆኖ ሙሉ ጊዜውን ለአፈርና ለውኃ አያውልም። የማዳበሪያ ሥርጭት፣ የብድር አሰባሰብ፣ ልዩ ልዩ የምዝገባ ሥራ ሁሉ በእርሱ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ከወረዳ የሚሰጠን ትእዛዝ ይህን ልጅ ስንት ቦታ እንደሚቆራርጠው እኛ ቢሮ የተቀመጥነው ብናስብለት ኖሮ ብዙዎቹ ሥራውን አይለቁም ነበር። ሠራተኛው በሄደ ቁጥር የአካባቢው ዕውቀት አብሮት ይሄዳል፤ የትኛው ማሳ ውኃ እንደሚቋጥር፣ የትኛው ገበሬ ቃሉን እንደሚጠብቅ የሚያውቀው እርሱ ነበር።

ዕርከኑ የት እንደሚያልፍ ማን ይወስናል? እንዴትስ ይቀየሳል?

የት እንደሚጀመር ሕዝቡና ባለሙያው አብረው ይወስናሉ፤ ሥራው ሁልጊዜ ከተፋሰሱ ራስ፣ ከላይ ወደ ታች ነው። ታች ተጀምሮ ላይ ከተረሳ የላይኛው ጎርፍ የታችኛውን ሥራ በአንድ ሌሊት ጠርጎ ይወስደዋል።

ቅየሳው ሦስት ሰውና አንድ ገመድ ይበቃዋል። ገመዱ 10 ሜትር ነው። በመካከሉ ግንበኞች የሚጠቀሙባት ትንሽ ውኃ ልክ ትንጠለጠላለች። ሁለት ሰዎች በሳንቲ ሜትር ምልክት የተደረገባቸው እኩል ዘንጎች ይዘው ገመዱን ይወጥራሉ። ሦስተኛው መካከል ላይ ጎንበስ ብሎ በውኃ ልኳ ውስጥ ያለችውን የአየር አረፋ ያያል። «ውረድ፣ ውረድ፣ ትንሽ ውጣ፣ በቃ!» ሲል ችካል ይመታል። ዝናብ በሚያንስበት አካባቢ ውኃው እዚያው እንዲሰርግ መስመሩ ደልዳላ ይሆናል። ዝናብ በሚበዛበት ደግሞ ትርፉ ውኃ ቀስ ብሎ ወደ ውኃ መውረጃው እንዲወጣ በየ10 ሜትሩ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይደረጋል።

ተቀይሶ ሲያልቅ ወደ ኋላ ዞረው ቢያዩት መስመሩ ጠማማ ነው። እንደ እባብ እየተጥመለመለ የኮረብታውን ቅርጽ ይከተላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ቀጥ እንዲል ይፈልጋል፤ ቀጥ ያለ ዕርከን ግን ውኃውን አንድ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ያጠራቅምና እዚያው ይደረመሳል።

ይህን ሥራ በየቀበሌው የሠለጠኑ ቀያሽ አርሶ አደሮች በሚገባ ይሠሩታል። ከማስታውሳቸው አንዱ ማንበብና መጻፍ አያውቁም ነበር። የዘንጋቸውን ሳንቲ ሜትር በቢላ ጭረት አድርገው፣ አምስተኛዋን ጭረት ረዘም፣ አሥረኛዋን ደግሞ ቀዳዳ አድርገው ለይተዋታል። እጃቸውን በዘንጉ ላይ አሳልፈው ብቻ ልኩን ይነግሩኝ ነበር። እኔ በኮሌጅ የተማርኩትን ያህል ቀይሰው፣ እኔ ከቀየስኩት የበለጠ ዘልቆላቸዋል።

የተፋሰስ ኮሚቴ እንዴት ይመረጣል?

በተፋሰሱ ነዋሪዎች ጠቅላላ ስብሰባ፣ በእጅ ማውጣት። ሴቶችና ወጣቶች እንዲካተቱ ይጠበቃል። ኮሚቴው ከባለሙያው ጋር ሆኖ የተፋሰሱን ካርታ መሬት ላይ በአመድና በጠጠር ይሥላል፤ ዕቅድ ያወጣል፤ መተዳደሪያ ደንብ አርቅቆ ለሕዝቡ ያቀርባል። ደንቡ ከንክኪ ነፃ በሆነ ቦታ፣ ማለትም እንዲያገግም ከሰውና ከከብት በተከለለ መሬት ላይ፣ ከብት ያስገባ፣ ችግኝ የነቀለ፣ በሥራ ቀን የቀረ ሰው ምን እንደሚቀጣ ይወስናል።

እንዲህ ያለ ደንብ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በመንዝ የጓሳ ሣር ከጥንት ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ማኅበረሰቡ የመረጠው፣ አፈሮ የሚባል አለቃ መሬቱን ለዓመታት ዘግቶ ያስጠብቃል፤ የሚከፈትበት ቀን ሲደርስ ሁሉም በአንድነት ገብቶ ያጭዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም የአካባቢው ሕዝብ በኋላ ጥበቃውን በኮሚቴ መልክ አንሥቶታል። የወረዳ ባለሙያ ደንብ ከቢሮ አትሞ ከማምጣቱ በፊት ሽማግሌዎቹን «ድሮ ይህን ግጦሽ ማን ይዘጋው ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ግማሹን ሥራ ያገኘዋል።

በበጋ ወራት የሚወጣው ሕዝብ ይከፈለዋል?

ይህ ጥያቄ ታሪክ አለው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ከ1966ቱና ከ1977ቱ ረኃብ በኋላ ዕርከን በስፋት የተሠራው በምግብ ለሥራ ነበር። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በሚደግፈው ሥራ አንድ ሰው ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ ግራም ስንዴ ያገኝ ነበር። ስንዴው ብዙ ቤተሰብ አትርፏል፤ ይህን የሚያቃልል ሰው ያኔ አልነበረም ማለት ነው። ነገር ግን ሥራው በገበሬ ማኅበር በኩል ከላይ የሚታዘዝ፣ የት እንደሚሠራ ባለ መሬቱ የማይጠየቅበት ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ ዕርከኑ ፈረሰ፤ ችግኙ ተነቀለ። ለዓመታት የተለፋበት ሥራ እንዲህ የጠፋው ገበሬው አፈር ስለማይወድ አይደለም። ሥራው የእርሱ እንደሆነ ማንም ነግሮት ስለማያውቅ ነው።

በ1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ። የምግብ እጥረት ባለባቸው ወረዳዎች ጉልበት ያላቸው ቤተሰቦች በማኅበረሰብ ሥራ ላይ ተሰማርተው በገንዘብ ወይም በእህል ይከፈላቸዋል፤ ከሥራዎቹ ዋናው አፈርና ውኃ ጥበቃ ነው። አረጋውያን፣ ሕሙማንና ነፍሰ ጡሮች ሳይሠሩ ይደገፋሉ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በሰፊው የተለመደው የበጋው የተፈጥሮ ሀብት ሥራ ነው፤ ከጥር ጀምሮ፣ እንደየክልሉና እንደየዓመቱ ለሳምንታት ሕዝቡ በነፃ ጉልበቱ ይወጣል።

ነፃ ጉልበት ማለት ዋጋ የሌለው ጉልበት ማለት አይደለም። በአገሪቱ የሥራ ልክ መሠረት አንድ ኪሎ ሜትር የአፈር ዕርከን 150 የሰው ቀን (አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚሠራው ሥራ)፣ አንድ ኪሎ ሜትር የድንጋይ ዕርከን ደግሞ 250 የሰው ቀን ይፈጃል። አንድ ወረዳ «ይህን ያህል መቶ ኪሎ ሜትር ሠራን» ሲል ከዚያ ቁጥር ጀርባ ያለው ላብ ይህ ነው። ስለዚህ ሕዝቡን በሰዓቱ ጠርቶ መሣሪያ ሳያዘጋጁ ማስቀመጥ፣ ወይም ያልተቀየሰ ቦታ ላይ ማሰማራት በእኔ ዘንድ ትልቅ በደል ነው። ግዴታ ነው ወይ ለሚለው፣ ደንቡ የቀረውን ይቀጣል፤ በጎ ፈቃድ ብቻ ነው ማለት እውነቱን መሸፈን ይሆናል። ሰው ሳይከፋው የሚወጣው ግን በራሱ ተፋሰስ፣ በራሱ ማሳ ራስጌ ሲሠራ ነው።

የሴቶች ድርሻ ምን ያህል ነው?

ከሚነገርላቸው በላይ ነው። ድንጋይ በጀርባቸው አዝለው፣ አንዳንዴም ልጅ በጀርባ ድንጋይ በእጅ ይዘው ዳገት የሚወጡትን እናቶች በየተፋሰሱ ያገኟቸዋል። የችግኝ ጣቢያውማ በእነርሱ እጅ ያደረ ነው። አፈር፣ ፍግና አሸዋ ነፍተው ይደባልቃሉ፤ ፕላስቲክ ከረጢቷን ሞልተው በጣት ጠቅጠቅ ያደርጓታል፤ አየር ከቀረባት ሥሩ እንደሚጠወልግ በደንብ ያውቃሉ። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ስለሚተከለው ችግኝ ብዛት ብዙ ይወራል። ያን ችግኝ ለወራት ጠዋትና ማታ ውኃ ያጠጡት ሴቶች ግን የተከላው ቀን ፎቶግራፍ ላይ አይታዩም።

አባወራ የሌላቸው ሴቶች የተለየ ጫና አለባቸው። የማሳቸውን ዕርከን የሚጠግንላቸው ጉልበት ከሌለ ወንፈል መጠየቅ፣ ለደቦ ጠላና እንጀራ ማዘጋጀት ይኖርባቸዋል። በጎ ኮሚቴ የእነርሱን ማሳ አስቀድሞ ያሠራል። የይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ መጻፉ ብዙ ለውጥ አምጥቷል፤ መሬቱ የራሷ እንደሆነ በእጇ ማስረጃ የያዘች ሴት በዕርከኑ ዳር ዛፍ ስትተክል አይቻለሁ።

ገበሬው የተሠራለትን ዕርከን ለምን ያፈርሳል?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁኝ በብዛት ከተሜዎች ናቸው፤ በንቀት ድምፅ ሲጠየቅ ያመኛል። ገበሬው ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ማዳመጥ የእኛ ሥራ ነው።

አንደኛ፣ ዕርከን መሬት ይወስዳል። ከሁለት ጥማድ (ግማሽ ሄክታር ገደማ) ማሳ ላይ ቦዩና ክምሩ የሚይዘው ቦታ ለዚያ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ዳገቱ በጨመረ ቁጥር ዕርከኖቹ ስለሚቀራረቡ የሚወሰደውም ይጨምራል። ሁለተኛ፣ በሬ መዞሪያ ያጣል። ዕርከኖቹ ተቀራርበው ከተሠሩ ጥንድ በሬ ጫፍ ላይ ደርሶ ሲዞር ይረግጣቸዋል፤ አራሹ እየተናደደ አንዷን ድንጋይ አንሥቶ ይወረውራል፣ ነገ ሌላዋን። ሦስተኛ፣ በድንጋዩ መካከል አይጥ ይራባል። አንድ ጎረምሳ «ዕርከን ሠርታችሁ ለአይጥ ቤት ሰጣችሁልን» ብሎኛል፤ ማሽላውን ሲያሳየኝ መልስ አልነበረኝም።

አራተኛው የራሳችን ስሕተት ነው። ውኃ በሚበዛበት አገር ደረቅ አገር የሚሠራውን ደልዳላ ዕርከን መሥራት ማሳውን ያጨቀየዋል። በምዕራብ ጎጃም የምትገኘው አንጄኒ በዓመት ከ1600 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። እዚያ በ1978 ዓ.ም. ገደማ ፋንያ ጁ የሚባለው፣ አፈሩ ከቦዩ ወደ ላይ የሚወረወርበት ዕርከን ተሠርቶ ከዓመታት በኋላ መሬቱን ደረጃ በደረጃ አስተካክሎታል። በዚያው ልክ ከዕርከኑ በላይ ውኃ የሚተኛበት ማሳ ገበሬውን አስቸግሮታል። የጎጃም ገበሬ ውኃ ለማውጣት በማረሻው ፈሰስ የሚባለውን ቦይ የሚያወጣው ለዚህ ነበር። ፈሰሱ አፈር ይዞ እንደሚሄድ እናውቃለን፤ ነገር ግን ለሚያስወጣው ውኃ ሌላ መንገድ ሳያገኙለት «ፈሰስ አታውጣ» ማለት አይገባም።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ቅርብ ነው። የዕርከኑን ጫፍ ለበሬ ክፍት መተው፣ ክምሩ ላይ የዝሆኔ ሣር፣ ቬቲቨር ወይም ሰስባንያ ተክሎ የተወሰደውን መሬት ወደ መኖ መቀየር። ከዕርከኑ ሣር አጭዶ ላሚቱን የመገበ ገበሬ ዕርከኑን አያፈርስም። ያ ሣር ግን በልቅ ግጦሽ ከተበላ ነገሩ ሁሉ ወደነበረበት ይመለሳል።

ከንክኪ ነፃ የሆነውን ቦታ ማን ይጠብቃል?

ማኅበረሰቡ የቀጠረው ዘብ፣ አለዚያም ተራ የሚጠብቁ ነዋሪዎች። የዘቡ ደመወዝ በየቤቱ በሚዋጣ እህል ወይም ገንዘብ፣ በሌላ ቦታ ደግሞ ከሚታጨደው ሣር በሚሰጠው ድርሻ ይከፈላል። ሥራው ከጎረቤት ጋር ያጣላል። የአክስቱን ልጅ ላም ይዞ ወደ ኮሚቴ የሚነዳ ሰው በሚቀጥለው እድር ላይ ፊት ይነሣል። ከሁሉም የሚከብደው ግንቦት ነው፤ መኖ ባለቀበት ሰዓት የተዘጋው ኮረብታ ላይ ሣሩ ለምለም ሆኖ ይታያል። ያን ጊዜ ዘቡን የሚያጸናው ሽማግሌዎቹ ከጎኑ መቆማቸው ነው።

መሬት የሌላቸው ወጣቶች ምን ይጠቀማሉ?

ያገገሙ ኮረብታዎች በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች ለንብ ማነብ፣ ለከብት ማድለብ የሚሆን ሣርና ለዛፍ ልማት ይሰጣሉ። በደንብ የሚሠራው የንብ ቀፎው ነው፤ ኮረብታው ሲያብብ ማሩ ራሱ ጠባቂ ይቀጥራል። የሚበላሸው ውሉ በጽሑፍ ካልሆነና የአካባቢው ነዋሪ ካልተስማማበት ነው።

አፈሩ ምን ያህል እንደሚታጠብ ማን ለካው?

ይህን ስመልስ ደስ ይለኛል፤ እነዚህን ሰዎች ማንም አያውቃቸውምና። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ከእኛ ግብርና ሚኒስቴር ጋር የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ጀመረ። ማይባር በወሎ፣ አንዲት ጥድ በሰሜን ሸዋ፣ አንጄኒ በጎጃም፣ ሁንዴ ላፍቶ በሐረርጌ፣ ጉኑኖ በወላይታ፣ ዲዚ በኢሉባቦር የምርምር ጣቢያዎች ተቋቋሙ። ከዚህ ሥራ የወጣው በሰፊው የሚጠቀሰው ግምት ከሚታረስ መሬት በአማካይ በዓመት ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል የሚለው ነው። በእኛ አነጋገር 420 ኩንታል ማለት ነው፤ ከአንድ ጥማድ ከ100 ኩንታል በላይ። ከዚያ ጥማድ ይህን የሚያህል እህል ያገኘ ገበሬ የለም።

ይህ ቁጥር በጣቢያዎቹ የሚኖሩ የአካባቢው ተመልካቾች የሰበሰቡት መረጃ ውጤት ነው። ወንዙ ሲደፈርስ፣ ቀንም ይሁን ሌሊት፣ ዝናቡ እየወረደባቸው ወደ መለኪያው ይሄዳሉ። የውኃውን ከፍታ ያነባሉ፤ አንድ ሊትር በምትይዝ ጠርሙስ ናሙና ይቀዳሉ፤ ጎርፉ እስኪጎድል በየ10 ደቂቃው ይህንኑ ይደጋግማሉ። በኋላ አፈሩ ተጣርቶ፣ ደርቆ ይመዘናል። በአገር አቀፍ ስብሰባ ላይ አንድ ምሁር «42 ቶን» ሲል እኔ የምትታየኝ በጨለማ ጭቃ ውስጥ የተቀዳችው ያቺ ጠርሙስ ናት።

ከፕሮጀክቶቹ በፊት ይህን ጥበብ የሚያውቅ ነበር?

ኮንሶን ይዩ። የኮንሶ ሕዝብ በደረቅ ድንጋይ የሠራው ዕርከን በአንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. መልክዓ ምድሩን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ባህሉ 21 ትውልድ እንዳስቆጠረ ጠቅሷል። ያን ሁሉ ዘመን የዘለቀው በየዓመቱ ስለሚጠገን ነው፤ ጥገናው እንደ አረም ማረም የገበሬው የዘወትር ሥራ ነው።

ከቅርቡ ደግሞ በትግራይ ክልተ አውላዕሎ የምትገኘው አብርሃ ወአጽብሃ አለች። መሬቷ እጅግ ከመጎዳቱ የተነሣ ሕዝቡን ወደ ሌላ ቦታ ማስፈር ታስቦ ነበር። በአባ ሐዊ አስተባባሪነት ነዋሪው ኮረብታውን ዘግቶ፣ ክትር ሠርቶ፣ ውኃው ወደ መሬት እንዲሰርግ አደረገ፤ ደርቀው የነበሩት ሜዳዎች የእጅ ጉድጓድ ወጣባቸው። በ2004 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳቶር ሽልማት አግኝታለች። ወዲያ ከሄዱ ጎብኚዎች ብዙዎቹ ስለ ቴክኒኩ ጠይቀው ይመለሳሉ። ቴክኒኩ ግን በየመመሪያው አለ። ሰው እንዴት ተማምኖ አብሮ እንደቆየ ነው መጠየቅ የሚገባው።

ሕጉስ ምን ይላል?

የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነው ደግሞ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት የጠረጴዛ ዕርከን (ተዳፋቱን ደረጃ በደረጃ ደልዳላ የሚያደርግ) ከተሠራበት ብቻ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አዋጅ ተተክቶበታል። ሌላ መሬት የሌለውን ሰው ግን በአንቀጽ ብቻ ከገደል ማውረድ አይቻልም፤ በምትኩ ምን እንደሚበላ አብሮ መታሰብ አለበት።

አንድ ተፋሰስ በእርግጥ እንደተሳካ በምን አውቃለሁ?

በምረቃ ቀን አይሂዱ። በሰኔ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ባባራ በማግሥቱ ይሂዱ። ከተፋሰሱ እግር ላይ ቆመው የሚወርደውን ውኃ ቀለም ይመልከቱ። ወደ ላይ እየወጡ ዕርከኑን ይከተሉ፤ ቦዩ በደለል ተሞልቶ ከሆነ ባለፈው ዓመት አልተጠረገም ማለት ነው። ክምሩ ላይ ሣር ካለ በማጭድ ታጭዷል ወይስ በከብት ተነጭቷል? ታች ያለችውን ምንጭ የሚቀዱትን ልጆች በየትኛው ወር እንደምትደርቅ ይጠይቋቸው፤ ከአምስት ዓመት በፊት በየትኛው ወር ትደርቅ እንደነበር ደግሞ እናቶቻቸውን።

የተሰበረ ቦታ አያጡም፤ የማይሰበር ዕርከን የለም። እዚያ ቦታ ላይ፣ ማንም ሳያዘው፣ ጆንያ ደርቦ አካፋ ይዞ ስብራቱን የሚደፍን ሰው ካገኙ ሥራው ባለቤት አለው። ሰላምታ ሰጥተው ስሙን ይጠይቁት።